ፍሪላንሰርና ዋሱ፦ በግል የሚሠራ ሰው ሥራ ከየት ይመጣለታል?

በግሉ ሠርቶ የሚኖር ሰው «ኔትወርክህን አስፋ» የሚለውን ምክር ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል። ቢዝነስ ካርድ አሳትም፣ ሊንክድኢን ላይ ጻፍ፣ ስብሰባ አይለፍህ። ክፋት የለውም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በግራፊክስ፣ በትርጉም፣ በቪዲዮ፣ በሒሳብ ሥራ ወይም በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ራሱን ችሎ የሚኖር ሰው ጋ ሄዳችሁ «የመጨረሻው ሥራ እንዴት መጣልህ?» ብትሉት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ከካርድ ጋር አይገናኝም። አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ተገኘ። አለቃው «ይሄን የሚሠራልን ሰው ታውቃላችሁ?» አለ። አንዷ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ» አለች። በቃ፣ ሥራው መጣ።

እስቲ ይህች ሴት ምን እንዳደረገች እንይ። ለገንዘብ ያዥነት የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ዋሱ ደመወዙን አስይዞ ይፈርማል፤ ገንዘብ ቢጎድል እሱ ይጠየቃል። እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ያልፈረመችው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ያስያዘችው ስሟን ነው። ሥራው ቢዘገይ «ያመጣሽው ልጅ የት ደረሰ?» የምትባለው እሷ ነች። ስልክ ባታነሱ ስብሰባ ላይ የምትሸማቀቀው እሷ ነች። ሥራው ካማረ ደግሞ ምስጋናው ለአለቃው ሊሄድ ይችላል፣ እሷ የምታተርፈው እፎይታን ብቻ ነው።

የሥራ ግንኙነት የሚባለው ነገር እኔ እንደሚገባኝ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዋስ የሆነላችሁን ሰው አለማሳፈር። ቡና መጋበዝ፣ ሳቅና ጨዋታ፣ «እንዴት ነው ቤተሰብ» ማለት ደስ ይላል፣ ግን ያ ሁሉ ተደምሮ አንድ ያለ ማስጠንቀቂያ ያለፈ ቀጠሮን አይሸፍንም። በተቃራኒው ብዙም የማይስቅ፣ ወሬ የማያውቅ፣ ግን ረቡዕ ያለውን ረቡዕ የሚያመጣ ሰው ስሙ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ታያላችሁ።

ቢሮው ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች

ከውጭ ሲታይ ደንበኛችሁ «ድርጅቱ» ነው። ውስጡ ስትገቡ ግን ቢያንስ ሦስት ሰው አለ፣ የሦስቱም ፍርሃት የተለያየ ነው። ሥራውን የጠየቀው ክፍል የሚፈራው ቀኑን ነው፤ ዐውደ ጥናቱ ሐሙስ ነው፣ ባነሩ ረቡዕ ማታ መድረስ አለበት። ግዢ ክፍል የሚፈራው ኦዲተር ነው፤ ለምን እሱ ተመረጠ፣ ሌሎቹ ፕሮፎርማዎች የታሉ ይባላል። ፋይናንስ ደግሞ የሚፈራው ጎዶሎ ወረቀት ነው። ደረሰኝ ከሌለ፣ ስሙ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካልገጠመ፣ ነገ ወጪው «ተቀባይነት የለውም» ቢባል ጣጣው የእሱ ነው።

አብዛኛው ፍሪላንሰር የሚወዳጀው ከመጀመሪያዋ ጋር ብቻ ነው። ይገባል፣ ሥራውን የሰጠችው እሷ ናት። ችግሩ ክፍያ ሲዘገይ ነው። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የሚደወለው ለእሷ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሲያልፍ የሚቆጡት እሷን ነው። እሷ ቼክ አትፈርምም። ሰነዱ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ እንኳ ላታውቅ ትችላለች። እንዲያው በነገራችን ላይ፣ ሰነዱ የት እንዳለ የምታውቀው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊዋ ናት፤ በር ላይ ስትገቡ ሰላም ብሎ ማለፍ ዋጋ አያስከፍልም።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ለፋይናንሱ ሰው ስልክ ደውሉና «ክፍያ ስጠይቅ ምን ምን ላያይዝ?» በሉ። ይህች አንድ ጥያቄ ብዙ ጭቅጭቅ ትገላግላለች። አንዱ ቢሮ የርክክብ ሰነድ ይፈልጋል፣ ሌላው የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ ከነማኅተሙ፣ ሌላው የታደሰ ንግድ ፈቃድና የቲን ቅጂ በየጊዜው ካልተያያዘ አይንቀሳቀስም። ሁሉንም በአንድ ፎልደር፣ በአንድ ቀን፣ ሳይጠየቅ የሚያቀርብ ባለሙያ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ወዳጅ አገኘ ማለት ነው። የፋይናንስ ሰው ደግሞ ሲወዳችሁ አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ቶሎ ይከፍላችኋል።

ሁለት የወረቀት ነገሮች በተለይ ብዙ ወዳጅነት ስላፈረሱ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጣቸው። አንደኛው ቫት ነው። «ስንት ትሠሪልኛለሽ?» «መቶ ሺህ።» ይህ ንግግር ገና ሳያልቅ ጠብ ውስጡ አለ። መቶ ሺው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ቫት 15 በመቶ ነው፤ በመቶ ሺህ ላይ አሥራ አምስት ሺህ ብር ማለት ነው። ግዢ ክፍሉ «ጨምሮ» ብሎ ሰምቶ በጀት አስፈቅዷል፣ እናንተ «ሳይጨምር» ብላችሁ ነው የተናገራችሁት። ወደ አለቃው ተመልሶ «ተሳስቼ ነው፣ ጨምሩልኝ» የሚለው ዋሳችሁ ነው። ለቫት ካልተመዘገባችሁም ያንኑ በግልጽ ጻፉ፣ አንዳንዱ ድርጅት የቫት ተመዝጋቢ ካልሆነ ጋር አይሠራም፤ ያንን መጨረሻ ላይ ከማወቅ መጀመሪያ ማወቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ዊዝሆልዲንግ ነው። ከፋዩ ድርጅት ከክፍያችሁ ላይ ትንሽ ቀንሶ በስማችሁ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባል። ለዓመታት 2 በመቶ ነበር፣ በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። ጀማሪዎች «ብሬን ቆረጡብኝ» ብለው ሲያኮርፉ ሰምቻለሁ። አልቆረጡባችሁም። ያ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከምትከፍሉት ግብር ላይ የሚቀነስላችሁ ቅድመ ክፍያ ነው፣ ቅድመ ሁኔታው ደረሰኙን ተቀብላችሁ ማስቀመጣችሁ ነው። ሂሳቡ ሲከፈላችሁ የዊዝሆልዲንጉን ደረሰኝ አብራችሁ ጠይቁ። ከስምንት ወር በኋላ ደውሎ ያንን ደረሰኝ መፈለግ ፋይናንሱን ማህደር ቤት መስደድ ነው፣ ማንም አይወድም። ቲን እና ንግድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ሥራ ከወሰዳችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ተከፋይ ያስቀመጠው ተቀናሽ 30 በመቶ ነው። ይህን እያወቁ «ለወዳጄ ሥራ ልስጠው» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ተቀጣሪ አይደላችሁም፣ እንግዳም አይደላችሁም

ግንኙነቱ ሲሞቅ የሚመጣ ሌላ ችግር አለ። ደንበኛው ይለምዳችኋል። ቅዳሜ ማታ ይደውላል፣ «ትንሽ ነገር ናት» ይላል፣ «ቢሮ መጥተህ እዚሁ ብትሠራውስ?» ይላል። ቀስ በቀስ ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና ጡረታ የሌለው ሠራተኛ ትሆናላችሁ።

ሕጉ ይህን ድንበር ያውቀዋል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ያደርገዋል። ይህ ሰው የሚገዛው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ፣ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ፣ የሥራ ተቋራጭ ማለት በራሱ ኃላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ሊያስገኝ የተስማማ፣ ለዚያም ዋጋ የሚከፈለው ሰው ነው። ቁልፉ ነገር «በራሱ ኃላፊነት» የሚለው ነው። እንዴት እንደምትሠሩት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ኮምፒውተር፣ የእናንተ ጉዳይ ነው። የተስማማችሁት ነገር አለመድረሱም የእናንተ ጉዳይ ነው። መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፑ ተበላሸ፣ ረዳቴ ቀረ፤ ለተቀጣሪ እነዚህ ምክንያቶች ናቸው። ለእናንተ ግን በዋጋችሁ ውስጥ ቀድሞ መታሰብ የነበረባቸው ወጪዎች ናቸው።

ታዲያ ድንበሩን ሳያስቀይሙ እንዴት ይጠብቁታል? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ በይሉኝታ እንሸነፋለን። «እንተዋወቃለን እኮ፣ ውል ምን ያደርጋል?» ሲባል ዝም እንላለን፣ ዋጋ መጥራት እናፍራለን፣ በኋላ ግን ልባችን ውስጥ ሂሳብ እንይዛለን። ያ የተደበቀ ሂሳብ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ሲፈነዳ ደግሞ ሌላው ሰው ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፣ ለለቅሶ ቤትና ለጎረቤት። ለሥራ ዋጋ ሲሆን ግን ሁለቱንም ወገን ይጎዳል።

መፍትሔው አሥር ገጽ ውል ላይሆን ይችላል። በሕጋችን መሠረት አብዛኛው ውል በቃልም ይጸናል፤ ለምሳሌ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ሲሆን ግን የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት። ችግሩ የቃል ውል መጽናቱ ላይ ሳይሆን ማስረጃው ላይ ነው፣ ከፍርድ ቤት በፊት ደግሞ የሰው ትዝታ ላይ ነው። ሁለት ቅን ሰዎች አንድን ስብሰባ በሁለት መንገድ ያስታውሱታል። ስለዚህ ከስብሰባው ወይም ከስልኩ በኋላ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ ካልሆነም በቴሌግራም ላኩ፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው፣ ባለ 40 ገጽ ሪፖርት፣ ሁለት ጊዜ ማረሚያን ጨምሮ፣ ዋጋው ይህን ያህል ከቫት በፊት፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ግንቦት 12 ይደርሳል። የተሳሳትኩት ካለ ይንገሩኝ።» ይህ ማንንም አያስቀይምም። ዋስ የሆነችላችሁን ሰው ደግሞ በጣም ይጠቅማታል፣ አለቃዋ ሲጠይቃት ፎርዋርድ የምታደርገው ነገር አገኘች።

«ሁለት ጊዜ ማረሚያን ጨምሮ» የሚለውን አትዝለሉት። ዲዛይንና ትርጉም ላይ ያለ ሰው ይገባዋል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች የሚወለዱት እዚያ ቁጥር ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። ሦስተኛው ማረሚያ ሲመጣ መቆጣት የለም፤ «በደስታ፣ ከስምምነታችን ውጭ ስለሆነ ተጨማሪው ይህን ያህል ነው፣ ልቀጥል?» ማለት ይበቃል። አንዳንዴ በነጻም ሥሩት። ግን በነጻ መሥራታችሁን ንገሯቸው፤ ያልተነገረ ስጦታ እንደ ግዴታ ይቆጠራል።

ቀንና ሰዓት ስትጽፉም ጠንቀቅ በሉ። ከውጭ ድርጅት ወይም ዋሽንግተን ካለ ወገን ጋር የምትሠሩ ከሆነ «በ3 ሰዓት እንደዋወል» ማለት ለእናንተ ጠዋት ነው፣ ለእሱ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። «በ15» ስትሉ የሰኔ 15 ነው ወይስ የጁን 15? በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን በዚህ ምክንያት የከሸፈ ሥራ አለ።

መጥፎ ዜና ቶሎ ሲነገር

ዋሳችሁን የሚያሳፍራት ችግር መፈጠሩ አይደለም። ችግር እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እዚህ አገር እየኖረ የማያውቅ የለም። የሚያሳፍራት መጨረሻ ላይ መስማቷ ነው። ሰኞ ቢነገራት ቀኑን ታራዝማለች፣ ሌላ ሰው ትፈልጋለች፣ አለቃዋን ታዘጋጃለች። ረቡዕ ማታ ስትሰማው ግን የምታደርገው የለም።

ሁለት ምሳሌ ላንሳ። ሰኔ 23፣ 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ውጭ ካለ ደንበኛ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ከምድር ጠፋ። ከደንበኛው በኩል ሆናችሁ አስቡት፦ ትናንት መልስ ይሰጥ የነበረ ሰው ዛሬ የለም፣ ነገም የለም። ቀድሞ ስልክ ቁጥር የሰጠ፣ ወይም ውጭ ባለ ዘመድ በኩል «ደኅና ነኝ፣ ኔት ተቋርጦ ነው፣ ሥራውን እየጨረስኩ ነው» ያለ ሰው ግን ቢያንስ ጠፍቶ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ውጭ ደንበኛ ላለው ሰው ሁሉ የምመክረው አንድ ነው፦ ገና ሥራ ስትጀምሩ «ኢንተርኔት ከጠፋ በዚህ ቁጥር ነው የምገኘው» ብላችሁ ንገሩ። ይህን መናገር ድክመትን ማሳየት የሚመስላቸው አሉ። ሰሚው የሚረዳው ግን ነገሩን ቀድማችሁ ማሰባችሁን ነው።

ሁለተኛው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወረቀት፣ ቀለም፣ ካሜራ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከውጭ የሚገባ ነገር የነካው ፕሮፎርማ ሁሉ ተናጋ። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው ሦስት መንገድ አለው። አንዱ በድሮው ዋጋ ሠርቶ መክሰር ነው። ሌላው ጥራቱን ዝም ብሎ መቀነስ ነው፣ ወፍራሙን ወረቀት በቀጭን መቀየር፣ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ሥራው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ሦስተኛው በዚያው ሳምንት ደውሎ «ዕቃው በዚህን ያህል ጨምሯል፣ የእጄ ዋጋ እንዳለ ነው፣ የአቅራቢዬን አዲስ ፕሮፎርማ ልኬያለሁ፣ ምን እናድርግ?» ማለት ነው። የዕቃውን ዋጋና የእጅን ዋጋ ለይቶ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛው ጭማሪው ከገበያው እንጂ ከእናንተ ስግብግብነት እንዳልመጣ በወረቀት ያየዋል። ፕሮፎርማ ላይ «ይህ ዋጋ ለ10 ቀን የጸና ነው» የምትለዋ መስመርም ለጌጥ የተጻፈች አይደለችም።

ገንዘብ መቼና እንዴት ይጠየቃል

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፣ ግን ስንቱ ነው ሥራውን በዚህ የሚያቅደው? ግንቦትና ሰኔ ላይ «በጀቱ ሳይመለስ» ተብሎ ሥራ ይጎርፋል። ሰነዳችሁ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎድሎ ከተገኘ ደግሞ ሂሳቡ ሊዘጋባችሁ ይችላል፣ ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ ስትጠይቁ «አዲሱ በጀት ይለቀቅ» ትባላላችሁ። የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ብዙዎቹ በራሳቸው አቆጣጠር ነው የሚሄዱት፣ ዲሴምበር ላይ የሚዘጉ አሉ። ስለዚህ «በጀታችሁ መቼ ነው የሚዘጋው?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያ ጥያቄዎቻችሁ አንዱ ይሁን። እንዲያ ስትጠይቁ ዋሳችሁ እንደ ሙያተኛ ታያችኋለች፣ እናንተም ሰነዱን በሰዓቱ ታደርሳላችሁ።

ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ «ብር ቸግሮኛል» አትበሉ። ቢቸግራችሁም። ችግራችሁን ስትናገሩ ሰውየው ያዝንላችኋል፣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ትልቅ ሥራ ሲመጣ «ይሄ ልጅ አቅም የለውም» ብሎ ያልፋችኋል። ሰነዱን ጠይቁ፦ «በዚህ ቀን ያስገባሁት የክፍያ ጥያቄ የት ደረሰ? የጎደለ ነገር ካለ ዛሬውኑ ላምጣ።» በመሃል ያለውን ክፍተት ለመሸፈን ብዙ ፍሪላንሰሮች እርስ በርስ ዕቁብ ይጥላሉ፣ እኔ ከባንክ ብድር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ሌላ ጥቅምም አለው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ስለ «ፐርሰንት» ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆናል። «ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምርበትና ትለየኛለህ» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ትላልቅ ቃላት ሳንጠቀም በጥቅም ብቻ እንየው። ከዚህ ሰው ጋር የገባችሁበት ነገር ግንኙነት ይመስላል፣ እንዲያውም ከሌላው ሁሉ የሞቀ ይመስላል። ግን እሱ ዋሳችሁ አልሆነም፣ እናንተ የእሱ መያዣ ሆናችሁ። ኦዲት ሲመጣ በደረሰኙ ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው። እሱ ሲነሳ አዲሱ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያጠራው የእሱን ሰዎች ነው። ሲቀርብላችሁ መሰበክም መጣላትም አያስፈልግም፤ «ዋጋዬ ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ ደረሰኝ ማውጣት አልችልም» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። ሥራው ሊቀር ይችላል። ይቅር።

ተፎካካሪ የምትሉት ሰው

ሥራ ከደንበኛ ብቻ የሚመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ቦስተን አጠገብ ያሉ ሠራተኞችን «ሥራችሁን እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ካገኙት መካከል በጣም ከሚቀርቡት፣ ዘወትር ከሚያገኙት ሰው የሰሙት ጥቂቶች ሆኑ። አብዛኞቹ የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ቢሮ የሚውለው የሩቅ ትውውቅ ግን እናንተ ያልሰማችሁትን ይሰማል።

ለፍሪላንሰር ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠቃሚው የሩቅ ትውውቅ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ ትግርኛ የሚተረጉም ሰው ማወቅ አለበት፤ ድርጅቱ ሦስቱንም ይፈልጋልና። ቪዲዮ የሚቀርጸው ድምፅ የሚያስተካክለውን፣ ኤሌክትሪሺያኑ ቧንቧ ሠራተኛውን። ሥራ ሲበዛባችሁም «አልችልም» ብሎ ስልክ ከመዝጋት «እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ አልደርስም፣ እገሊት ጥሩ አድርጋ ትሠራለች» ማለት ደንበኛውን አይወስድባችሁም። ሰዎች ይህን ይፈራሉ። ልብ በሉ ግን፣ እንዲህ ስትሉ እናንተም ዋስ ሆናችኋል። ሥራዋን ያላያችሁትን ሰው አትጠቁሙ፣ የአክስት ልጅም ብትሆን።

የዕቁቡ ሌላ ጥቅም ይሄ ነው። በወር አንዴ የሚገናኙ ባለሙያዎች ገንዘብ ብቻ አይለዋወጡም። የትኛው ድርጅት በሰዓቱ ይከፍላል፣ የትኛው ሳምፕል አሠርቶ ይጠፋል፣ የአንድ ገጽ ትርጉም አሁን ስንት ገባ፤ ይህ መረጃ ኢንተርኔት ላይ የለም።

ድርጅት ይዘጋል፣ ሰው ይዛወራል

ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቢሮ ፀጥ አለ። በዩኤስኤይድ ገንዘብ የሚሄዱ ፕሮጀክቶች «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ዓመቱን ሙሉ ከአንድና ሁለት ፕሮጀክት ሥራ ሲወስድ የነበረ ተርጓሚ፣ ዲዛይነር ወይም አማካሪ ደንበኛው ተነነበት። ከአንድ ደንበኛ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር አደገኛ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

ግን ሌላም ነገር ታየ። ድርጅቱ ቢዘጋም ሰዎቹ አልጠፉም። የኮሙኒኬሽን ኃላፊዋ ባንክ ገባች፣ የግዢው ሰው ፋብሪካ ተቀጠረ፣ ሌላው የራሱን አማካሪ ድርጅት ከፈተ። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ ቢሮ ሲገባ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ» ለማለት የሚያስችለው አጋጣሚ ብዙ ነው። በመሃል ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራ ባጣ ጊዜ ደውላችሁለት ነበር?

ግንኙነት ማቆየት ሲባል በየሳምንቱ «ሥራ የለም ወይ?» ብሎ መጻፍ የሚመስላቸው አሉ። ያ ሰውን ያሸሻል። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በኢድ አጭር መልካም ምኞት፣ ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ላይ የተላከ ሥዕል ሳይሆን ስሙን ጠርቶ የተጻፈ፣ በቂ ነው። ለቅሶ ሲሰማ መድረስ፣ ካልተቻለ መደወል። ከሥራ ሲለይ «ለእኔ ያደረግከውን አልረሳም፣ የምረዳህ ነገር ካለ፣ ሲቪህን ላስተካክልልህ» ማለት። ሰው የሚያስታውሰው ሥራ የመስጠት ሥልጣን በሌለው ቀን ያደረጋችሁለትን ነው።

ስልክ ቁጥርም ጠብቁ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከሌሎች ሰፈሮች የተነሱ ብዙ ሱቆችና ቢሮዎች ነበሩ። በሩን እንጂ ቁጥሩን የማያውቁ ደንበኞች የት እንደሄዱ ሲያፈላልጉ ከረሙ። ቁጥር ስትቀይሩ፣ ቢሮ ስትቀይሩ፣ የድሮ ደንበኞቻችሁን አንድ በአንድ አሳውቁ። ይህም በራሱ ያለ ልመና ለመደወል ጥሩ ምክንያት ነው።

መለያየትም አለ። ሁልጊዜ የሚያዘገይ፣ ሁልጊዜ የሚሳደብ ደንበኛ ሲሆን መተው መብታችሁ ነው። የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ ሂሳቡን ዝጉ፣ ለሚቀጥለው ሥራ «በዚህ ጊዜ አልችልም» በሉ፤ ዝርዝር ቅሬታ መጻፍ አያስፈልግም። የሚታረም ፋይሉን፣ ፎንቱን፣ ፎቶውን፣ የይለፍ ቃሉን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ አስረክቡ፣ የተረከበውም ሰው ይፈርም። ፋይል ይዞ መቅረትን እንደ ጡንቻ የሚጠቀሙ አሉ። ለዋናው ፋይል ተጨማሪ ዋጋ የምትጠይቁ ከሆነ ያንን በመጀመሪያው ቀን ኢሜይል ላይ ጻፉት፤ በመለያያው ቀን ከጠየቃችሁ ዋስ ሆና ያስገባቻችሁ ያቺው ሴት ናት ተጠርታ የምትጠየቀው።